በእህት ሳንባ የተገባ ሥራ

ደሴ፣ የ2012 ረመዳን፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ ሎሚናት ጓዟን በፌስታል ቋጥራ ልትወጣ ስትል፣ ታናሽ እህቷ ጦይባ የግቢውን በር ቆልፋ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች።

ሎሚናት፦ ባጄን አምጪና ከበሩ ዘወር በይ።

ጦይባ፦ የምን ባጅ?

ሎሚናት፦ ስሜ ያለበት፣ ፎቶዬ ያለበት፣ ትናንት ከምስማሩ ላይ የሰቀልኩት። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና አንቺ ነን፤ ድመቷ እንደሆነች ሥራ አትገባም።

ጦይባ፦ ድመቷ ካንቺ ትሻላለች። ሲያማት ጥግ ይዛ ትተኛለች።

ሎሚናት፦ ቁልፉስ?

ጦይባ፦ ዋጥኩት።

ሎሚናት፦ በረመዳን?

ጦይባ፦ ሳይነጋ ነው። በሱሁር፣ በውኃ አወራረድኩት።

ሎሚናት፦ ጦይባ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት አይደለም። አንድ ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ይመጣል። አቶ ደርበው ራሳቸው ናቸው የሚመጡት። አለቃዬን በር ላይ አቁሜ "ታናሼ ቆልፋብኛለች" ልበል? የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ እኮ!

ጦይባ፦ በይ። አርባ ሰባት እንድትሞይ ነው የቆለፍኩት።

ሎሚናት፦ አሥራ አራት ቀን ናት። ሐጅ ሄደች ብለሽ ቁጠሪው። ሄጄ እመለሳለሁ።

ጦይባ፦ ሐጅ የሄደ ዘምዘም ይዞ ይመለሳል። አንቺ የምትገቢው ኮሮና የያዛቸው የተኙበት ግቢ ነው፤ አንሶላቸውን ልታጥቢ። አንዴ ከገቡ ደግሞ አሥራ አራት ቀን መውጣት የለም። እዚያ ትንፋሽሽ ቁርጥ ሲል ማን ይደርስልሻል?

ሎሚናት፦ ሐኪም የሞላበት ግቢ አይደል እንዴ? መሞቴ ካልቀረ ከሐኪም አጠገብ መሞት ምን ክፋት አለው?

ጦይባ፦ ይኸው! ሞት ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላልኩም።

ሎሚናት፦ ሞት ላይቀር ማንቋረር አሉ።

ጦይባ፦ ከመሞት መሰንበትም አሉ። ያሉትም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ሎሚናት፦ ደግሞስ ምን ሆንኩና ነው? ትንሽ ጉንፋን ቢጤ...

ጦይባ፦ ጉንፋን! እትዬ፣ ሆስፒታሉን አሥራ ሁለት ዓመት "ጉንፋን ነው" ብለሽ አታለልሽው፣ እሺ። እኔን? ከአንድ ሆድ ወጥተን? አስም ነው ያለብሽ። አስም በይው። ስሙን ብትጠሪው አይመጣብሽም፣ መጥቶ ጨርሷል።

ሎሚናት፦ ቀስ በይ እንጂ! ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል።

ጦይባ፦ ጎረቤት የደረትሽን ፉጨት ሲሰማ አይደል የሚያድረው? ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እዚህ ግቢ መሐል ባሕር ዛፍ ያጨሰችው ለማን መሰለሽ?

ሎሚናት፦ እሷን ተያት! ኮሮናን ላባርር ብላ እኔን ልታባርር ነበር። የዚያን ቀን ነፍሴ አፍንጫዬ ጫፍ ደርሳ፣ ግራ ቀኝ አይታ ነው የተመለሰች።

ጦይባ፦ ታክሲውስ?

ሎሚናት፦ የቱ ታክሲ?

ጦይባ፦ ስትስይ ሰው ሁሉ የወረደው።

ሎሚናት፦ እሱማ ደስ ይል ነበር! ሦስት ወንበር ለብቻዬ ይዤ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እንደ ከንቲባ ሚስት ሆስፒታሉ በር ድረስ! ወያላው እንኳን በመስኮት ነው የወረደ። ሹፌሩም ሊወርድ ነበር፤ መሪ ስለጨበጠ ነው የቀረው።

ጦይባ፦ ትስቂያለሽ።

ሎሚናት፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ለቅሶ ደረቴን ይዘጋዋል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ሳቅ ትንሽ ያስለኝና ያልፋል።

ጦይባ፦ ስልክ ደውለሽ እኮ "አሰላሙ" ያልሽ እንደሆነ "አለይኩም"ን የምትጨርሽው በማግስቱ ነው። እኔ መሃሉን እየጠበቅሁ ወጥ አሳርሬያለሁ።

ሎሚናት፦ ወጥ ማሳረር ካገባሽ ጀምሮ ያለብሽ ነው። በኔ አታላኪ።

ጦይባ፦ ሐሙስ ለትስ? "ጾሙ አዞረኝ" ያልሽኝ?

ሎሚናት፦ ጾሙ ነው ያዞረኝ።

ጦይባ፦ ጾም የሰው ከንፈር ያጠቁራል? ሐዋ ነግራኛለች። አብራሽ የምታጥበዋ ሐዋ። በሩ ላይ በረኪናውን ረጩሽ፣ ሁለት እርምጃ ሄድሽ፣ የቆሸሸው አንሶላ ክምር ላይ ተደፋሽ።

ሎሚናት፦ የሐዋ አፍ ወንፊት ነው።

ጦይባ፦ የሐዋ አፍ ነው ያዳነሽ፤ ጮኸች። እዚያ የምትገቢበት ደግሞ ስትገቢ ይረጩሻል፣ ስትወጪ ይረጩሻል። አንሶላው በረኪና፣ ወለሉ በረኪና፣ የምትተነፍሽው በረኪና። ሌላውን ሰው ሊያድን የሚረጨው ነገር ላንቺ መግደያሽ ነው እኮ፣ እትዬ! ኮሮናው ሳያገኝሽ በረኪናው ይቀድመዋል።

ሎሚናት፦ ማስክ አለኝ።

ጦይባ፦ ማስክሽን እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ምን እንደሚያስቀር አውቃለሁ። በረኪና አያስቀርም። ሐሙስስ የአስምሽን ፓፍ ለምን አልሳብሽም? ኪስሽ ውስጥ አልነበረም?

ሎሚናት፦ ጾም ነበርኩ አልኩሽ።

ጦይባ፦ ያረቢ! የታመመ ሰው ያፈጥርና በሌላ ቀን ቀዷውን ያወጣል። ሼኹ ነግረውሽ የለ? እኔ ባለሁበት?

ሎሚናት፦ ሼኹ ያሉት ለታመመ ሰው ነው።

ጦይባ፦ አንቺ ምንድን ነሽ ታዲያ?

ሎሚናት፦ እኔ ሎሚናት ነኝ።

ጦይባ፦ ሞኟ እኔ ነኝ! አላህ የሰጣትን ፈቃድ እምቢ ያለች ሴት የመንግሥትን ፈቃድ ትቀበላለች ብዬ መልፋቴ! ማስታወቂያው ተለጥፏል። ሐዋ አንብባልኛለች። ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ቤቱ ይቀመጥ፣ ደሞዙ አይቋረጥም ይላል። ስኳር ያለባት ጀማነሽ ቤቷ ናት። ደም ብዛት ያለበት ዘበኛ ቤቱ ነው። እርጉዞቹ ቤታቸው ናቸው። አንቺ ብቻ ፌስታል ቋጥረሽ...

ሎሚናት፦ የነሱ ፋይላቸው ላይ ተጽፏል። የኔ ፋይል ምን ይላል?

ጦይባ፦ እሱማ...

ሎሚናት፦ በይ እንጂ፣ ምላሰኛዋ። ምን ይላል ፋይሌ?

ጦይባ፦ ጤነኛ ናት ይላል።

ሎሚናት፦ ጤነኛ ብቻ? "ልቧም ሳንባዋም እንከን የለበትም" ነው የሚል። አቶ ደርበው ሰብስበውን ምን አሉ? "እዚያ የሚገባ ጠንካራ ሰው ስንፈልግ፣ ከሁሉም የጠራው የሎሚናት ፋይል ሆኖ አገኘነው።" ተጨበጨበልኝ እኮ! ሳንባሽ አስመረጠኝ፣ እህቴ።

ጦይባ፦ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ሎሚናት፦ ሃያ ስድስት ዓመት ልጅ አይደለም። ማን ነበር "እትዬ፣ ሻርፑን አምጪ፣ መታወቂያሽን ስጪኝ፣ ምርመራውን እኔ አንቺን ሆኜ ልግባልሽ" ያለው?

ጦይባ፦ አንቺ አልቅሰሽ ነዋ! ባልሽ በሞተ በሰባት ወሩ! ለዘጠኝ ሰው ቅጥር መቶ ሰው ተሰልፎ፣ "ሐኪሙ ደረቴን ካዳመጠ አለቀልኝ" ብለሽ የሆስፒታሉን አጥር ይዘሽ አልቅሰሽ ነዋ!

ሎሚናት፦ የዚያ መታወቂያ ፎቶ ደግሞ ጉድ ነው። እኔንም አንቺንም እናታችንንም ይመስል ነበር።

ጦይባ፦ ዶክተሩ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ ሲያደርግ ፈርቼ ትንፋሼን ያዝኩ። "ተንፍሺ እንጂ፣ ሴትዮ!" አለኝ። ተነፈስኩ። ሳቀና "አንቺማ በዚህ ሳንባ ጦሳ ተራራን በሩጫ ትወጪዋለሽ" አለኝ።

ሎሚናት፦ እኔ ጦሳን ቀና ብዬ ሳየው ራሱ ይደክመኛል።

ጦይባ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትል ነበር እማዬ። ይኸው ተፈታ።

ሎሚናት፦ የት ተፈታ? አሥራ ሁለት ዓመት አጥብቄ ይዤዋለሁ። ከማድረቂያው ጀርባ ተደብቄ ፓፌን ስቤ፣ ያዩኝ እንደሆነ "የጥርስ ሕመም መድኃኒት ነው" ብዬ፣ ይኸው ዛሬ ድረስ። አሥራ ሁለት ዓመት የቻልኩ አሥራ አራት ቀን ያቅተኛል?

ጦይባ፦ እማዬስ ምን ብላ ነው የሄደችው?

ሎሚናት፦ እማዬን አታንሺብኝ።

ጦይባ፦ አነሳታለሁ። "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" ብላ ነው የሄደችው። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እንሂድና እንናገር፣ እትዬ። አሁን፣ አቶ ደርበው ሲመጡ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ሎሚናት፦ ለነሱ ይጠራል፣ በኛ ላይ ይጨልማል። "በሐሰት ማስረጃ የተቀጠረች" ብለው ያባርሩኛል። ደሞዙም ጡረታውም ገደል። ቀጥለው "ማን ነበረች የተመረመረችው?" ይላሉ። የተመረመረችው ደግሞ የሦስት ዓመት ልጅ እናት ናት። ፖሊስ ቤትሽ ሲመጣ ባልሽ ምን ይበል? "ሚስቴ ሳንባዋን አውሳ ነው" ይበል?

ጦይባ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ። ለጡረታው ብለሽ ጡረታውን የምትበላዋን ሴት ልትቀብሪያት!

ሎሚናት፦ ለጡረታው ብቻ መሰለሽ?

ጦይባ፦ ለምንድን ነው ታዲያ? ንገሪኝ፤ እኔም ልወቀው።

ሎሚናት፦ ስንት አጣቢ ነበርን? አሥራ ስምንት። ዛሬ ስድስት ነን። አንዷ አርግዛ፣ አንዷ ፈርታ፣ አንዷን ባሏ "በሽታ ይዘሽብኝ ትመጫለሽ" ብሎ አስቀርቷት። አንሶላ ራሱን አያጥብ ነገር! ባለፈው አንዲት ወላድ በባዶ ፍራሽ ላይ ተኝታ አየሁ። ላስቲኩ ላይ፣ ከነላቧ ተጣብቃ፣ ልጇን በራሷ ሻርፕ ጠቅልላ። ሐኪም መርፌ ይወጋል፣ እሰየው፣ በቴሌቪዥን ይጨበጨብለታል። ያችን ሴት ከላስቲኩ ላይ የሚያነሳት ግን ማን ነው? እኔ ነኝ። ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት ሎሚናት! ደም ያለበት አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚነከር። በሙቅ ከነከርሽው ደሙ ይበስላል፣ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። ይኼን እዚያ ቤት ማን አስተማረ? ፌጦዬን እያኘክሁ ግድግዳ ላይ ላፍጥጥልሽ?

ጦይባ፦ ጨረስሽ?

ሎሚናት፦ ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ነው።

ጦይባ፦ ውሰጂ። እኔ ልናገር። እዚያ ስትወድቂ ከስድስታችሁ ሁለቱ እጃቸውን አድርቀው አንቺን ይሸከማሉ። አልጋ ትይዣለሽ። ኦክስጅን ትይዣለሽ። ልረዳት ብለሽ የሄድሽላት ሴት ፍራሹንም ታጣዋለች፤ አንቺ ነሻ የምትተኚበት!

ሎሚናት፦ ይኼን ማን አስጠናሽ?

ጦይባ፦ ራሴ አጠናሁት። ሦስት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ።

ሎሚናት፦ ጥሩ አድርገሽ ነው ያጠናሽው። አሁን ባጄን አምጪ።

ጦይባ፦ ባጁ አለ።

ሎሚናት፦ የት?

ጦይባ፦ አንገቴ ላይ።

ሎሚናት፦ አንገትሽ ላይ ምን ይሠራል? ሻርፑን ግለጪው እስቲ። አዪዪ... ከቀሚስሽ ሥር ያለውስ ቦት ጫማዬ አይደለም? አንቺ ነሽ ያደረግሽው? ጦይባ!

ጦይባ፦ ትንሽ ጠበበኝ። ይሆናል።

ሎሚናት፦ ለምኑ ነው የሚሆነው?

ጦይባ፦ የምገባው እኔ ነኝ።

ሎሚናት፦ የት ነው የምትገቢው?

ጦይባ፦ አንቺ የምትገቢበት። ሰው ሁሉ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው አላልሽም? ኮፍያ፣ መነጽር፣ ማስክ፣ ያ ነጭ ቱታ። ማን ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ጀርባቸው ላይ ስም ይጻፋል አላልሽም? "ሎሚናት" ብለው ይጽፉብኛላ! አቶ ደርበው እንደሆኑ ከሁለት ሜትር ወዲህ ለማንም አይጠጉም። ፋይሉ ላይ ያለው የኔ ሳንባ ነው። የተጨበጨበለት የኔ ሳንባ ነው። የተመረጠው ይሂዳ!

ሎሚናት፦ አብደሻል።

ጦይባ፦ ልጆቹን ለአባታቸው ሰጥቻለሁ። "እትዬን ላስታምም ሁለት ሳምንት እቆያለሁ" ብዬዋለሁ። አልዋሸሁም።

ሎሚናት፦ አውልቂ።

ጦይባ፦ አላወልቅም።

ሎሚናት፦ አውልቂ ነው የምልሽ! የልጆች እናት! ኮሮና ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እዚያ የተኛ ሰው በመስኮት ነው ልጁን የሚያየው! እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ እኔ ብሄድ የሚጎድለው አንድ ፍራሽ ነው! አንቺ ግን... አንቺ...

ጦይባ፦ እትዬ?

ሎሚናት፦ አው... ልቂ...

ጦይባ፦ ተቀመጪ። እዚህ ድንጋይ ላይ። አትተኚ! ወደፊት ዘንበል በይ፣ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ። ፓፉስ?

ሎሚናት፦ ኪ... ሴ...

ጦይባ፦ ይኼ ነው? ስነቀንቀው ድምፅ የለውም እኮ! ባዶ ነው! ባዶ ዕቃ ይዘሽ ነው አሥራ አራት ቀን ልትገቢ የነበረው?

ሎሚናት፦ ከ... ተማው... የለም...

ጦይባ፦ የለም፣ አውቃለሁ። ሰው ሳይታመም ገዝቶ ጨረሰው። ከኮምቦልቻ አስመጥቼልሻለሁ። ይኸው፣ አዲስ ነው። አፍሽን ክፈቺ።

ሎሚናት፦ ጾ... ሜን...

ጦይባ፦ ጾም አትበይኝ!

ሎሚናት፦ ጾሜን...

ጦይባ፦ እኔስ ጾመኛ አይደለሁም? እህቴ ፊቴ ላይ ታፍና እያየኋት፣ ማታ በቴምር የማፈጥረው ምን ሆኜ ነው? አላህ ምን ይለኛል? እትዬ፣ በእማዬ አፈር። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሎሚናት፦ ስ... ጪኝ።

ጦይባ፦ ሳቢ። ያዢው። በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ልቀቂው፣ ቀስ አድርገሽ፣ ኩራዝ እንደምታጠፊ። አሁን ድገሚው። ያዢ... ልቀቂ። አይዞሽ። አይዞሽ የኔ እናት። መጣ?

ሎሚናት፦ እየ... መጣ ነው።

ጦይባ፦ አትናገሪ። ብቻ ተንፍሺ።

ሎሚናት፦ መጣ።

ጦይባ፦ አልሐምዱሊላህ።

ሎሚናት፦ ጾሜን አስፈታሽኝ።

ጦይባ፦ ቀዷውን እኔ አወጣልሻለሁ።

ሎሚናት፦ ቀዷ በወኪል አይወጣም! አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር በኔ ስም መግባት ለመደብሽ!

ጦይባ፦ ተሳደብሽ፤ ድነሻል ማለት ነው።

ሎሚናት፦ ፊትሽን ጥረጊው። ምን ያስለቅስሻል? ያልሞተ ሰው ይለቀስለታል?

ጦይባ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ በሳልሽ ቁጥር አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ። ያኔ ትንፋሼን እንደያዝኩ ብቀር ኖሮ፣ ዶክተሩ ይጥልሽ ነበር። አልቅሰሽ አልቅሰሽ ሌላ ሥራ ትይዢ ነበር፤ ሽንኩርት ትቸረችሪ ነበር፣ አየር ላይ። በረኪና ውስጥ የነከርኩሽ እኔ ነኝ።

ሎሚናት፦ አንቺ ቂል! እንጀራ ነው የሰጠሽኝ።

ጦይባ፦ እንጀራውንም በረኪናውንም። ስለዚህ ወይ ትናገሪያለሽ፣ ወይ እኔ እገባለሁ። ሦስተኛ የለም።

ሎሚናት፦ ሦስተኛ ነበረው። እኔ ገብቼ አንቺ ዝም ማለት።

ጦይባ፦ እሱን አሁን እዚህ ድንጋይ ላይ ሲሞት አየሁት። ሰማሽ? ክላክስ ነው። መጡ።

ሎሚናት፦ ሰማሁ።

ጦይባ፦ ልሂድ በይ። ፌስታሉን አቀብዪኝ።

ሎሚናት፦ ተቀመጪ።

ጦይባ፦ ቀሚሴን ልቀቂው! ይቀደዳል።

ሎሚናት፦ ይቀደድ፤ ሰፊ አይደለሽ? አንድ ጥያቄ መልሺልኝና ሂጂ። የወላድ አንሶላ መጣልሽ፣ ደም በደም ሆኖ። በምን ትነክሪዋለሽ?

ጦይባ፦ አሁን ነግረሽኝ የለ እንዴ? በ... በሙቅ?

ሎሚናት፦ ይኸው! የአገሩን አንሶላ ቀቅለሽ ልትጨርሺልኝ ነው! በማስክ ፊት ይሸፈናል እንጂ እጅ አይሸፈንም፣ እቴ! ሐዋ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የምትለይሽ፤ ሐዋ ካወቀች ደግሞ ጦሳ አናት ላይ በድምፅ ማጉያ ተነገረ ማለት ነው። ሥራው ሳንባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈረስ ይቀጥሩ ነበር።

ጦይባ፦ እማራለሁ። አንቺስ ስትቀጠሪ ታውቂው ነበር?

ሎሚናት፦ አላውቅም ነበር። የማንንም ልጆች እናት ግን ሬሳ ሳጥን በር ላይ አልገተርኩም። ባጁን ስጪኝ።

ጦይባ፦ እትዬ...

ሎሚናት፦ ስጪኝ አልኩ። አልሳፈርም።

ጦይባ፦ ወላሂ በይ።

ሎሚናት፦ ወላሂ። ያንቺን ደረት አንዴ ተዋስኩ፣ በቃኝ። ለራሴ ብዬ ብሞት ግትርነቴ ነው፤ እሱ የኔ ነው፣ አያሳፍረኝም። አንቺን የበላ ግትርነት ግን ምን ይባላል? ስም የለውም። አውልቂ ቦት ጫማውንም፣ ጣትሽ ይቆስላል።

ጦይባ፦ ምን ልትያቸው ነው?

ሎሚናት፦ ያለውን። አስም አለብኝ እላለሁ። አስሙ ከናንተ በፊት ነበረብኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመትም ከነአስሜ አጠብኩላችሁ፣ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ይኼንንም ፋይሉ ላይ ጻፉት እላለሁ። እኔን ከማባረራችሁ በፊት የቀሩትን አምስቱን ደረታቸውን አዳምጧቸው፣ ጉንፋን ነው የምትል እኔ ብቻ መሰልኳችሁ ወይ እላለሁ። በረኪናውን በር ላይ ሰው ፊት ላይ መርጨት ተዉ፣ እጅና ጫማ በቂ ነው እላለሁ።

ጦይባ፦ ያንን ሁሉ ለአለቃ?

ሎሚናት፦ ገና ምኑን አየሽና! ማጠፊያ ክፍሉ መስኮት አለው፣ በረኪና አይገባበትም። እዚያ ወንበር ይስጡኝ፤ አዲስ የሚቀጥሯቸውን እኔ አስተምራቸዋለሁ። ሥራ አልፈራሁ፤ የፈራሁት ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ምንድን ነው? ብትነክሪው ይሟሟል።

ጦይባ፦ ያባርሩሻል፣ እትዬ።

ሎሚናት፦ ያባርሩኝ። የሰው እድፍ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የራሴን ማስጣት ያቅተኛል?

ጦይባ፦ "ማን ነበረች የተመረመረችው?" ቢሉሽስ?

ሎሚናት፦ አንዲት ጤነኛ ሴት ናት፣ ስሟን አልጠየቅኋትም እላለሁ።

ጦይባ፦ ማን ያምንሻል?

ሎሚናት፦ ስሟን ለነሱ ነግራቸው የለ? "ሎሚናት ነኝ" ብላቸዋለች። ይፈልጓት እንግዲህ!

ጦይባ፦ እያለቀስኩ አታስቂኝ፣ በአላህ!

ሎሚናት፦ ተነሽ። ደግፊኝ። ሁለተኛውን ክላክስ ሳይነፉ የዋጥሽውን ቁልፍ አውጪና በሩን ክፈቺው።

ጦይባ፦ ቆርጠሻል?

ሎሚናት፦ ሁለቱንም የበሩን ተካፋች ክፈቺው። አጎንብሼ አልወጣም።

ጦይባ፦ ቀስ ብለሽ ተናገሪ እሺ? መሃል መሃል እያረፍሽ።

ሎሚናት፦ አቶ ደርበው! አቶ ደርበው፣ ሞተሩን ያስጠፉልኝ፤ ነገሬ ረጅም ነው፣ ትንፋሼ አጭር።